አራት ጣት እጥፍ

መስከረም 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

ይህን ደብተር የገዛሁት የደንበኞቼን ልክ ልጽፍበት ነበር። አገሬ ቱም እያለሁ ሦስት ገጽ ሞልቼበታለሁ፤ ወገብ፣ ትከሻ፣ እጅጌ። እዚህ ሚዛን ከተማ የሚያውቀኝ ስለሌለ ልኩን የሚሰጠኝም የለም። ወረቀቱ ከሚባክን ከኋላ ጀምሬ የሆዴን ልጽፍበት ብያለሁ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ጽሑፍ ነው። ማንም አያነበውም።

ከቱም ከመጣን ዛሬ አሥራ አንድ ቀናችን ነው። የመጣነው ለልጄ ለማህደር ትምህርት ነው። እናቷ ልዩ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከማረፏ በፊት «ዘጠነኛ ስትደርስ የካቶሊክ ሲስተሮቹ ትምህርት ቤት አስገባልኝ» ብላኝ እሺ ብያታለሁ። ይኸው ሁለት ዓመት አለፈ፤ ልጅቱም ዘጠነኛ ደረሰች። ግን ከአክስቷና ከጓደኞቿ ነቅሎ ማምጣቱ ከብዶኝ ከማህደር ጋር አንድ ነገር ተስማማን። እስከ ገና እንሞክረዋለን። ካልለመደችው ለገና ቱም ገብተን እዚያው እንቀራለን። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እሷ «እሺ አባዬ» አለች።

የስፌት መኪናዬን ያስቀመጥኩት በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ባለሱቁ ዐብዱልጀባር ይባላል፤ የአጋሮ ሰው ነው፤ እሱም ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ሰሃንና ቴርሞስ፣ ሳሙናና ባልዲ ይሸጣል። «ሲዘንብ ወደ ውስጥ ትገባለህ፣ ፀሐይ ሲወጣ ትወጣለህ። እዚህ አገር እንደ ዶሮ ነው የሚኖረው» አለኝ። ልጁ አርዋም እዚያው የሲስተሮቹ ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ትገባለች።

የማህደርን ዩኒፎርም ጨረስኩ። አረንጓዴ ጉርድ፣ ነጭ ሸሚዝ። ለልጅ ስሰፋ ከታች አራት ጣት አጥፌ መተው ልማዴ ነው፤ ልጅ ሲያድግ እጥፉ ይፈታና አንድ ዓመት ይጨምራል። ለእሷ ግን እጥፍ አልተውኩም። ጨርቁ አልበቃም።

መስከረም 6፣ ሰኞ

አደረስኳት። በሩ ላይ ወላጅ እንደ ገበያ። ሁሉም ይተዋወቃል። ይሳሳማሉ፣ ይጠቃቀሳሉ። እኔ አንድ የጽድ ዛፍ ሥር ቆምኩ። ማህደር ሳትዞር ገባች። ሆዴ ባዶ ሆነ። ቁርስ ስላልበላሁ ነው።

መስከረም 12፣ እሑድ

ቅዳሴ ሄድን። ከኋላ ተቀመጥኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ሰፊ ነው፤ መዝሙሩ ሲነሣ ቆርቆሮውን የሚመታው ዝናብ እንኳ አይሰማም። ልቤ ረጋ። ቱም ውስጥ ካቶሊክ የምንባለው በጣት የምንቆጠር ነበርን፤ እዚህ ብዙ ነን። ብዙ መሆን ግን የራሱ ጭንቅ አለው። እዚያ አንድ ሰው ቢቀር ይታወቃል፣ እዚህ ብቀር ማን ያውቃል?

ሲያልቅ ማህደር መዘምራኑ አጠገብ ቆማ አየኋት። አንዲት ልጅ የመዝሙር ደብተር እያሳየቻት ነበር። ብቻዋን መስላኝ፣ እንዳትጨነቅ ብዬ ቶሎ ጠራኋት። መንገዱን ሁሉ ከኋላዬ ቀረት ብላ ሄደች። ሆድ ብሷት ይሆናል። የሰው አገር ቀላል አይደለም። እግዚአብሔር ሆይ፣ ልጄን አጽናናት።

መስከረም 25፣ ቅዳሜ

ትናንት ሰዓት አሳልፋ መጣች። መረብ ኳስ ስጫወት ነው አለችኝ፤ ጫማዋ ጭቃ ብቻ። አርዋም አብራት ነበረች። ሁለቱ በረንዳው ላይ ተቀምጠው አናናስ እየበሉ ሲስቁ ቆዩ። የምትስቀው እኔ እንዳልጨነቅ ይመስለኛል። እናቷም እንዲህ ነበረች።

ለአርዋ የራስ መሸፈኛ ጠርዝ ቀመቀምኩላት። ነጭ ከሆነ ይሁን ብለዋታል ሲስተሮቹ። ልጅቷ ወዲያው አደረገችው፤ «እንድርያስ አባባ፣ የእጅዎ ክር አይታይም እኮ!» አለችኝ። ደስ አለኝ። መመስገን እወዳለሁ። ይህ ኃጢአቴ እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ክሬ አይታይ እንጂ ኩራቴ ይታያል።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

የወላጆች ስብሰባ ነበር። እኔና ዐብዱልጀባር የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። እኔ እንዳልታይ ብዬ፣ እሱ ቶሎ ወጥቶ ሱቁን እንዲከፍት።

ርእሰ መምህርቷ ሲስተር ሔለን «ዘንድሮ ብዙ አዳዲስ ቤተሰቦች መጥተውልናል፤ ከቴፒ፣ ከሸዋ ቤንች፣ ከጅማ በኩል፣ ከቱምም» አሉ። ቱም ሲባል ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኝ መሰለኝ። ቀጥሎ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ወልደጻድቅ ተነሡ። ቡና ነጋዴ ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ ሲሠራ ድንጋይ የተሸከሙ ናቸው ይባላል፤ ያንንም ራሳቸው ይናገሩታል። «አዲሶቹ ወላጆች፣ እኛ ዘንድ ጥግ መያዝ የለም። ጥግ የሚይዘው የተሰበረ ወንበር ነው» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ስንወጣ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች፦

«የቱሙ ሰፊ ያ ነው?»

«እሱ ነው። ሰላም የሚለው እንኳን መሬቱን እያየ ነው።»

«ሚስቱ ሞታበት ነው አሉ።»

«መሬቱ ምን አደረገ ታዲያ?»

ለዐብዱልጀባር ነገርኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እውነታቸውን ነው! እኔን ራሱ መጀመሪያ ቀን ጫማዬን ነው ሰላም ያልከው» አለኝ። እኔን አላሳቀኝም። እኔን እንዲህ ካሉኝ ልጄን በጓዳ ምን ይሏታል?

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

ቡና መድረስ ጀምሯል። መንገዱ ሁሉ ቀይ እሸት ቡና በማዳበሪያ። በየግቢው ማስጫ አልጋ ተዘርግቷል። ከክፍል ብዙ ልጅ ይቀራል፤ ለቀማ ነው። አንዲት የማህደር የክፍል ጓደኛ ከለቀማ መልስ እጇ ጠቁሮ መጣችና ማህደር የሒሳቡን ትምህርት እዚህ በረንዳው ላይ አስረዳቻት። ሁለቱም ጭንቅላታቸውን ይዘው። ደህና ታስረዳለች።

ቀጥሎ የሰማሁት ግን እንቅልፌን ነሣኝ። ልጅቷ ስትሄድ አርዋ ማህደርን «ከገና በኋላስ?» አለቻት። ማህደር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባቴን እኔ እንጃ» አለች። መሄድ ፈልጋ እንዴት እንደምትነግረኝ ጨንቋታል ማለት ነው። ምስኪን ልጅ። ለእናቷ ቃል ገብቻለሁና እኔ ራሴ እንሂድ ማለት አልችልም። እሷ እስክትናገር እጠብቃለሁ። የመቁጠሪያ ጸሎቴን ሁለት ጊዜ ደገምኩ።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም።

ስለ ወላጆች ቀን ስብሰባ ነበር። ቀኑ ለኅዳር 28 ተቆረጠ። አቶ ወልደጻድቅ «እንደ ሁልጊዜው ፍየል ይታረዳል። ሙስሊም ወላጆችም እንደ ሁልጊዜው የራሳቸውን ቋጥረው ይመጣሉ» አሉ።

ዐብዱልጀባር ተነሣ። «ጋሼ፣ እኔ ይህን ሁልጊዜ የሚባለውን ገና አላየሁትም። ሲመጣ ጥሩኝ።» ሰዉ ሳቀ። ባለቤቱ ዘይቱና ግን አልሳቀችም። «ባለፈው በዓል ቋጥረው የመጡት እዚያ ማዶ ዛፉ ሥር በልተው ነው የሄዱት ብለውኛል» አለች።

በዚህ መሀል አንድ እጅ ተነሥቶ አየሁ፤ የኔ ነው። እንዲህ አልኩ፤ ቱም ስብሰባ ሲኖር ሁለት ፍየል ነው። አንዱን ክርስቲያን ይባርካል፣ አንዱን ሙስሊም ያርዳል። ሁለት ቢላ፣ ሁለት ድስት፣ አንድ ዳስ። ማንም ማዶ አይሄድም።

«ድስቱ ቢደባለቅስ?» አሉ አቶ ወልደጻድቅ።

«ምልክት ይታሰራል።»

«ኃላፊው ማነው?»

«እኔ» አልኩ።

ያልቃል ስል የዩኒቨርሲቲ ሾፌር የሆነው ባየ ተነሣ። እሱም ዘንድሮ የመጣ ነው፤ ኦርቶዶክስ ነው። «ኅዳር 28 እኮ ጾም ነው። እናንተ ካቶሊኮች ብትበሉም እኛ አንበላም» አለ። አቶ ወልደጻድቅ እጃቸውን ዘረጉ። «ሦስተኛ ድስት! ዘንድሮ ልጅ ነው የምናስተምረው ድስት?» የባየ ባለቤት ወይዘሮ ስንዱ ቁጭ እንዳለች «የጾሙን እኔ እሠራለሁ፤ እርስዎ አይድከሙ» አለች።

ወደ ቤት ስመለስ ማህደር ሰምታ ጠበቀችኝ። «አባዬ፣ ተናገርክ አሉ!» አለችኝ። ዓይኗ ላይ ያለው ምን እንደሆነ አልገባኝም። አፍራብኝ ካልሆነ በቀር።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ጾሙ ትናንት ገባ። ወይዘሮ ስንዱ ከዐብዱልጀባር ሱቅ ትልቅ ጭልፋ ልትገዛ መጣች። ስንት ጾመኛ ቤተሰብ አለ ብላ ጠየቀችኝ። አምስት አልኳት። «ለአምስት ቤት ብቻ መሥራት እጄ አያውቅም። በሠርግ ድስት ነው የምሠራው፤ ከተረፈ ይተርፋል» አለች። ዐብዱልጀባር ቀስ ብሎ «ሽሮ ለከተማው ሁሉ!» አለኝ። እኔም ብክነት ነው ብዬ አሰብኩ። በልቤ ፈረድኩባት።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ምልክቶቹን ሰፋሁ። ለሙስሊሞቹ ድስት አረንጓዴ፣ ለክርስቲያኖቹ ነጭ። የማህደር ዩኒፎርም ሲቆረጥ ከተረፈው ጨርቅ ነው። ጠርዛቸውን ዙሪያውን ቀመቀምኩ፤ ሪባን መስለዋል። ዘይቱና አይታ «ይህ ለድስት ነው ለሙሽራ?» አለች።

ሁለቱ ድስቶች ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት የምንዋሳቸው ናቸው። አየኋቸው። መንትያ ናቸው፤ ጥቀርሻቸው እንኳ አንድ ነው።

ማህደር ማታ ሪባኖቹን አንሥታ አገላብጣ አየቻቸው። መልሳ አስቀመጠቻቸው።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት

ፍየሎቹ ታረዱ። አንዱን ዐብዱልጀባር፣ አንዱን የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ። እሳቱ ተያያዘ፤ የሙስሊሞቹን ወጥ የምትሠራው ዘይቱና ናት። ሪባኖቹን አሰርኩ። ያምራል። ሰማዩ ጠቁሯል። አቤቱ ይህችን ቀን ብቻ።

ኅዳር 29፣ እሑድ

ትናንት የሆነውን እንደሆነው ልጻፈው። ከቅዳሴ እንደተመለስኩ ነው።

ልዩ በሕይወት ሳለች ቱም ላይ ምልክቱን የምታስረው እሷ ነበረች። የምታስረው በድስቱ ጆሮ ላይ ነው። ሁልጊዜ በጆሮው ላይ። እኔ ግን ትናንት ያሰርኩት በክዳኑ እጀታ ላይ ነው። ለምን? ጆሮው ላይ ካሰርኩት ጭሱ ጨርቁን ያጠቁረዋል። ያ የለፋሁበት ስፌት ሰው ሳያየው ጥቀርሻ ሊሆን ነው። ይኸው ነው ምክንያቱ። ሌላ የለም።

ስድስት ሰዓት ላይ ወጦቹ ደረሱ። ወላጁ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ድስቶቹ ግቢው ላይ ዳስ ሥር ናቸው። ያን ጊዜ ዝናቡ ወረደ። የሚዛን ዝናብ ቀጠሮ አያውቅም። ዳሱ ማፍሰስ ጀመረ፣ «አስገቡት! አስገቡት!» ተባለ። ተማሪዎች በጨርቅ ጆሮ ጆሮውን ይዘው ሮጡ። ሲሮጡ ክዳኖቹ ተንሸራተው ጭቃ ላይ ወደቁ። ሁለቱንም አንሥቼ ቧንቧው ጋ ሄድኩ፤ አጠብኳቸው። አዳራሽ ስገባ ሁለቱ ድስቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እጄ ሳያመነታ ከደናቸው። ነጩን ግራ፣ አረንጓዴውን ቀኝ። ጨርሼ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄድኩ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

የትኛው ድስት በየት በኩል እንደተቀመጠ አላየሁም።

ዙሪያዬን አየሁ። ያየኝ የለም። ሁሉም እጁን ታጥቧል። ማህደርና አርዋ ሰሃን ተሸክመው ጠረጴዛው ጫፍ ቆመዋል፤ ማህደር ወደ እኔ አየችና ፈገግ አለች። ከመጣን ጀምሮ ሰው ፊት እንዲህ ስትስቅልኝ ያኔ ገና አየሁ። አቶ ወልደጻድቅ ሳይቀሩ «ተሳካልህ ሰፊው» ብለውኛል። ዝም ብል ማንም አያውቅም። በትክክል ከድኜው ሊሆንም ይችላል። ከሁለት አንዱ ነው።

ሲስተር ሔለን ጸሎት ጀመሩ። የካቶሊኩ «አባታችን ሆይ» እስኪያልቅ ጊዜ ነበረኝ። «ወደ ፈተናም አታግባን» የሚለው ላይ ስንደርስ አፌ አልንቀሳቀስ አለኝ። ዘይቱናን አየኋት፤ ዓይኗን ጨፍና በራሷ ጸሎት ላይ ነበረች። ምግቡን የምትበላው እኔን አምና ነው። እኔን፣ ሰላም ሲል መሬት የሚያየውን ሰው።

«አሜን» ሲባል «ቆዩ» አልኩ። ድምፄ ቀጭን ሆኖ ወጣ። ደግሜ «ቆዩ፣ አትቅመሱ» አልኩ። ነገርኳቸው። ክዳኖቹ ወድቀዋል፣ ያጠብኳቸው እኔ ነኝ፣ የከደንኳቸው እኔ ነኝ፣ የትኛው የማን እንደሆነ አላውቅም። ይቅር በሉኝ።

ማህደርን ማየት አልቻልኩም።

አቶ ወልደጻድቅ ወደ ጠረጴዛው መጡ። አንዱን ድስት ከፈቱ፣ ሌላውን ከፈቱ፣ ዘጉ። የተሸከሙትን ልጆች ጠየቁ፤ በሩጫው ማን የቱን እንዳነሣ የሚያስታውስ ጠፋ።

«ዘይቱና፣ የራስሽን ወጥ አታውቂውም?»

«ጋሼ፣ ለማወቅ መቅመስ አለብኝ። ካልቀመስኩ አላውቅ፣ ካላወቅኩ አልቀምስ። ሽታውማ ይህኛው የኔ ይመስላል፤ ግን በሽታ አይማልም።»

«እሺ፣ አንተ፣ ምልክቱን ለምን ድስቱ ላይ አላሰርከውም?»

መዋሸት ይቻል ነበር። «ጨርቁ እንዳይጠቁርብኝ» አልኩ።

አንድ ሰው ከኋላ ፍርስ አለ። ዐብዱልጀባር ነው። ያንን ሳቅ ከሺህ ሰው መሀል አውቀዋለሁ። «ወላሂ ሰፊ ማለት ይህ ነው! የኛን ነፍስ ረስቶ ለጨርቁ ነፍስ አሰበ!» አለ እንባውን እየጠረገ። ባየ ተከተለው። ሁለቱ ሴቶች፣ እነዚያ ከኋላዬ ያሙኝ፣ አፋቸውን ይዘው ተንፈቀፈቁ። ሲስተር ሔለን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ግን አየሁ።

ወይዘሮ ስንዱ ያን የሠርግ ድስቷን እየጎተተች ወደ መሀል አመጣችው። ሽሮው እስከ አፉ፤ ምስሩና ጎመኑ በሳፋ። በልቤ የፈረድኩበት ድስት። «ኑ እንግዲህ! ጾም የማያውቅ ሁሉ ዛሬ ይጹማል። አቶ ወልደጻድቅ፣ ሰሃን ያቅርቡ» አለች። ቀድመው ሰሃን ያቀረቡት ሦስተኛ ድስት ብለው የተቆጡት እሳቸው ናቸው። ሙስሊሙም፣ ካቶሊኩም፣ ኦርቶዶክሱም ከአንድ ጭልፋ በላ። ማንም ማዶ አልሄደም። ከፊት በኩል ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ሰዉ ሁሉ አግዳሚውን እየጎተተ ወደ ኋላ፣ ወደ እኛ መጣ። አቶ ወልደጻድቅ እኔና ዐብዱልጀባር መሀል ተቀመጡ። ሽሮውን ደገሙ።

ሁለቱ ፍየል ግን ያሳዝነኛል። ማንም ሊነካው አልቻለምና ለግቢው ውሾች ሆነ። «ዛሬስ የኮሚቴው ሰብሳቢ ውሻው ነው» አለ ዐብዱልጀባር። አቶ ወልደጻድቅ ከሁላችንም በላይ ሳቁ።

ስንመለስ እኔና ማህደር በአንድ ጃንጥላ ነበርን። አሳዘንኩሽ አልኳት፣ ሰው ፊት አሳፈርኩሽ። ወደ አማን የሚያስገባው መታጠፊያ ስንደርስ፦

«አባዬ፣ እማዬ በጆሮው ላይ ነበር የምታስረው።»

«አውቃለሁ።»

«አረንጓዴው ደግሞ የጉርዴ ጨርቅ ነው።»

«አዎ፣ ትራፊው ነው» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ክንዴን ይዛ ቤት እስክንደርስ አልለቀቀችም።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ሰው ይመጣል! ሰኞ ሁለት፣ ማክሰኞ አምስት። «ድስት የማይለየው ሰፊ እዚህ ነው?» እያሉ ይገባሉ፤ ከዚያ ሱሪ ያሳጥራሉ። ዐብዱልጀባር «በማስታወቂያ ብታስነግር እንዲህ አይሆንልህም» ይላል። መንገድ ላይ ቀና ብዬ ሰላም ማለት ግድ ሆኖብኛል፤ ሁሉም በስሜ ይጠራኛል።

ዛሬ አቶ ወልደጻድቅ ኮት ሊያሰፉ መጡ። ደብተሩን ከፊት ገለጥኩና ከቱም ሰዎች ቀጥዬ ልካቸውን ጻፍኩ። ሆዳቸውን ስለካ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ። «ይልቀቁት ጋሼ፣ ኮቱ ያውቅብዎታል» አልኳቸው። ይህን እኔ መናገሬ ይገርመኛል።

ሲወጡ «የሁለት ድስቱ ነገር ለከርሞም ይቀጥላል። አንተው ነህ ኃላፊው። ግን በጆሮው ላይ!» አሉ። ለከርሞ የት እንደምሆን አላውቅም ልላቸው አፌን ከፈትኩ። «እሺ» ብዬ ዘጋሁት።

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ

ፈተና ላይ ናት። የጉርዷ ጫፍ ከጉልበቷ በላይ ሊወጣ ምንም አልቀረው። እንዴት ነው ልጅ በሦስት ወር እንዲህ የሚያድገው? ዝቅ እንዳላደርገው እጥፍ የለውም።

የቱም አይሱዙ ሾፌር ለገና ቦታ ልያዝላችሁ ወይ አለኝ። ያዝ አልኩት። ዕቃም አላችሁ ወይ ሲለኝ ኋላ እነግርሃለሁ አልኩት። ልጅቱ አሁንም አልተናገረችም። እኔም መጠየቅ ፈራሁ። እንሂድ ትለኛለች ብዬ ነው? ወይስ አንሂድ?

ታኅሣሥ 27፣ እሑድ

ዛሬ ማህደር ከመዘምራኑ ጋር ዘመረች። ለካ ከጥቅምት ጀምሮ ትለማመድ ነበር። ነግራኛለች፣ እኔ አልሰማኋትም። በድምፅዋ ውስጥ እናቷን ሰማሁ፣ ግን አላለቀስኩም፤ ደስ አለኝ።

ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሰላም ስንል ቆይተን ቤት ገባን። እኔው ጀመርኩት። «ማሂ፣ ገና ደረሰ። እንደተባባልነው ምርጫው ያንቺ ነው። ከከበደሽ ቱም እንቀራለን፤ እናትሽም አትቀየመንም» አልኳት።

«እኔ መቼ ከበደኝ አልኩ?»

«ለአርዋ ስትነግሪያት ሰምቻለሁ። አባቴን እኔ እንጃ ስትዪ።»

«እኮ! አባቴን እኔ እንጃ ነው ያልኩት። እኔንማ አውቀዋለሁ። አንተ ትለምድ እንደሆነ ነበር ያላወቅኩት።»

ተነሣችና ዩኒፎርሟን ከሚስማሩ አውርዳ ጫፉን ገልብጣ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

«ለሰው ልጅ ሁሉ አራት ጣት ትተዋለህ። ለኔ ለምን አልተውክም?»

«ጨርቁ...»

«ጨርቁ ተርፎ ነበር አባዬ። ለድስት በቅቷል።»

ሳትቆጣ ነው የተናገረችው። ከመስከረም ጀምሮ ታውቅ ነበር ማለት ነው። በየጠዋቱ እጥፍ የሌለውን ጉርድ ለብሳ፣ አባቷ ልቡን እዚህ እንዳላሳረፈ እያወቀች ትምህርት ቤት ሄደች፤ ኳስ ተጫወተች፤ ዘመረች። እኔ እሷን ስጠብቅ እሷ እኔን ስትጠብቅ።

ለልዩ እሺ ብያለሁ፤ ጨርቁን ስቆርጥ ግን እስከ ገና ብቻ ቆረጥኩት። ለሰው ሁሉ የልጄ ነገር አልኩ። ለእግዚአብሔርም ጭምር። ልጄን አጽናናት እያልኩ እለምን ነበር፤ ሲያጽናናኝ የከረመው እኔን ነው።

«ለገና አክስቴ ጋ እንሄዳለን፣ ለፈተና ውጤት እንመለሳለን» አለች ማህደር። «ዕቃ አትጫን።»

ታኅሣሥ 28፣ ሰኞ

ለሾፌሩ ነገርኩት። ዕቃ የለም። ሁለት ሰውና አንድ ፌስታል።

ጥር 10፣ ቅዳሜ

ከተመለስን አራት ቀን ሆነን። ቱም ደህና ነው፤ የልዩን መቃብር አጽድተን መጣን። ሁሉን ነገርኳት፤ የሪባኑን ነገር ስነግራት የምትለውን አውቀዋለሁ።

ዐብዱልጀባር ለበረንዳው የቆርቆሮ ጥላ አስጨመረ። «ዶሮው እንግዲህ ሰፈር ለመደ» ይላል። ባየና ወይዘሮ ስንዱ ለነገ ጥምቀት ጠርተውናል። ዘይቱና ለሁላችንም ኮረሪማ የገባበት ቅቤ ልካለች።

ደብተሩ እየሞላ ነው። ከፊት የሚመጣው ልክ ከኋላ የጀመርኩት ጽሑፍ ጋ ሊደርስ ስድስት ቅጠል ቢቀረው ነው። ቦታው ለደንበኛ ያስፈልጋልና እዚህ ላቁም።

ዛሬ አረንጓዴ ጨርቅ ገዝቼ የማህደርን ልክ እንደ አዲስ ወሰድኩ፤ ከፊት በኩል፣ ከአቶ ወልደጻድቅ ሆድ ሥር ጻፍኩት። ጨርቁን ዘርግቼ ጫፉን ሳጥፍ ከጀርባዬ ቆማ ነበር። ጎንበስ ብላ ጣቶቼን አንድ በአንድ ቆጠረች፤ አራቱን ጨርሳ የራሷን አንድ ጨመረችበት።